ታይቷል እንጂ አልተነበበም

ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ አንዲት ቃል ያውቃል። ከደብተሩ ገጽ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ ትጻፋለች፦ «ታይቷል»። ከጎኗ ፊርማና ቀን አለ። ቃሏ አትዋሽም፤ ጽሑፉ በእርግጥ ታይቷል። መምህሩ በዴስኮቹ መካከል ሲያልፍ ዓይኑ ገጹ ላይ አርፏል፤ መስመሮቹ መሞላታቸውን አይቶ ፈርሟል። ተነቧል ወይ ከተባለ ግን መልሱ ሌላ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህች ቃል ይነሣል። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የሚጽፉትን ማን ያነበዋል? ያነበበውስ ምን ይላቸዋል? ጥያቄው የአገር ነው፤ መነሻዬ ግን ምዕራብ ሐረርጌ ናት። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሐረር መንገድ ላይ የምትገኘው ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያም ሂርና፣ ገለምሶ፣ በዴሳ፣ ሚኤሶ፣ እንዲሁም ዳገትና ቁልቁለቱን ቡናና ጫት የሸፈነው የመሰላ ወረዳ። እዚህ አንድ ልጅ በሦስት ቋንቋና በሁለት ፊደል ይጽፋልና ጥያቄው ጎልቶ ይታያል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ለልጆቻችን ጽሑፍ አራሚ አላጣንም፤ ያጣነው አንባቢ ነው። አራሚ ስሕተት ፈልጎ ይገባል፤ አንባቢ ግን ልጁ ምን ሊል እንደፈለገ ለማወቅ ይገባል። ሁለቱ ያስፈልጋሉ። ችግሩ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አባርሮ ቤቱን ብቻውን መያዙ ነው።

ከሰሌዳ ወደ ደብተር

በመጀመሪያ፣ ልጁ በቀን ምን ይጽፋል? አብዛኛው ኖት ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ቀጥሎ የክፍል ሥራና የቤት ሥራ ይመጣል፦ እውነት ወይም ሐሰት፣ አዛምድ፣ ምርጫ፣ ባዶ ቦታ ሙላ። እነዚህ ሁሉ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ መልሱ የታወቀን ነገር ደግሞ ማረም እንጂ ማንበብ አያስፈልግም። «ደብተር ተለዋወጡ» ተብሎ ተማሪ የተማሪን ሥራ ራይትና ኤክስ ሲያደርግ የሚውለውም ለዚህ ነው።

ከልጁ ከራሱ የሚመነጨው ድርሰት የሚባለው ነው። እሱም ሲመጣ ርእሱ «የውሃ ጥቅም»፣ «የደን ጥቅም»፣ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ?» ነው። ልጁ ስለ ውሃ ጥቅም መምህሩ የማያውቀውን ምን ሊነግረው ይችላል? ሁለቱም የሚያውቁትን መልሶ ይጽፍለታል። መምህሩ ስድሳ ጊዜ ያንኑ ያነባል፤ ሰባተኛው ላይ ቢሰለች ማን ይፈርድበታል?

መምህሩን ከመውቀሳችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ለአንደኛ ደረጃ ክፍል የተቀመጠው መለኪያ 50 ተማሪ ነው፤ ብዙ ክፍሎች ከዚያ ያልፋሉ። 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል እንውሰድ። ለአንድ ድርሰት 5 ደቂቃ ብንሰጥ 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ይሆናል። አንድ የቋንቋ መምህር አራት ክፍል ካስተማረ 20 ሰዓት ነው። ይህ ከማስተማሩ፣ ከዕለት ዕቅዱ፣ ከስብሰባውና ከማርክ ምዝገባው ውጭ ነው። «ታይቷል» ከስንፍና ብቻ የመጣች ቃል አይደለችም። ከቁጥር የመጣች ናት።

የፈተናው ነገር ደግሞ አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ፈተና ነው። ተማሪው ለ12 ዓመት ተምሮ በመጨረሻው ፈተና አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን ሳይጽፍ ይወጣል። ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ መሆናቸው ሲነገር አገር ተደናግጧል፤ ልክም ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ልጆቻችን ሐሳባቸውን በጽሑፍ መግለጽ ይችላሉ ወይ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ፈተናው ያልጠየቀውን መምህር አያስተምረውም፤ ወላጅም አይጠይቀውም።

ሥሩም ከታች ይጀምራል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሃዲይኛ አዳዲስ የንባብ መማሪያዎች ተዘጋጁ። ጥረቱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ትኩረቱ ልጁ የሌላውን ጽሑፍ እንዲያነብ ነበር፤ የልጁን ጽሑፍ ማን ያንብብ የሚለው ለሌላ ጊዜ ቆየ።

ይበል የሚባልበት ጉባኤ

አንባቢ አልባ ጽሑፍ የነበረ ባህላችን ነው እንዳይባል ወደ ኋላ እንመልከት። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ በየዕለቱ የሚሠራው የራሱን ፈጠራ ነው። ቀን ከሰው ርቆ ይቆጥራል፣ ማታ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ ይሰማል፣ ያቃናል፣ የተሰበረውን ቤት ይጠግናል፤ ጓደኞቹም ቆመው ያደምጣሉ። ሰሙና ወርቁ ሲገጥም «ይበል!» ይባላል። ይህች ቃል ከ«ታይቷል» ጋር ስትነጻጸር ልዩነቷ ግልጽ ነው። «ይበል» ለመባል መጀመሪያ መሰማት አለበት። ቅኔ ቤትን ያለ ነቀፋ ላወድሰው አልፈልግም፤ ግርፋትም፣ ማሸማቀቅም ነበረበት። ግን ተማሪው ለማን እንደሚያቀርብ ያውቅ ነበር።

በሐረርጌ ደግሞ ቁርአን ቤት አለ። ልጁ አንቀጹን በእንጨት ሉሕ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ መምህሩ ፊት ተቀምጦ ይቀራል፤ ያጠናውን ሲያደርስ ሉሑ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል። ጽሑፉ የልጁ ፈጠራ አይደለም፤ መምህሩ ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ይሰማል። ብዙ ልጅ በተሰበሰበበት ቦታ ለአንዱ ልጅ የተለየ ጆሮ መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

ከሁለቱም በፊት ደግሞ የምድጃው ዳር አለ። «እንቆቅልህ» ያለ ልጅ «ምን አውቅልህ» የሚል ካላገኘ እንቆቅልሹ አይጀመርም። የኦሮሞ ልጆች ሂቦም እንዲሁ ያለ መላሽ አይሆንም። ተረት ነጋሪውም በየመሐሉ «እሺ» የሚለው ይፈልጋል። በቃል ባህላችን ውስጥ ተናጋሪና መላሽ አብረው የተፈጠሩ ናቸው። ልጁ ስድስትና ሰባት ዓመት በዚያ ኖሮ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው ያለ መላሽ የሚናገር የሚሆነው።

አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ጸሐፊ

ጭሮ ከዚህ ጉዳይ ጋር ያላት ዝምድና ቀላል አይደለም። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን በዕቅድ ያስቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት ሰው ናቸው። ሩስያ ተምረው የመጡ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁና በጄኔቭ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ ምሁር ነበሩ። ተውኔታቸው በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የመኳንንቱን ጉቦና ስንፍና ሲነካ የቤተ መንግሥቱ መልስ ትያትርን ማገድ ሆነ። ለመጀመሪያው ጸሐፌ ተውኔታችን የተሰጠው የመጀመሪያው አስተያየት እገዳ ነበር ማለት ነው።

ሌላው ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበረው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች» የሚል ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በትምህርት ቤቱ ታየለት። ልጁ ተመልካች አገኘ፤ በኋላም ታላቅ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት መሆኑን አገር ያውቃል። የጸጋዬን ችሎታ ያ ቀን ፈጠረው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የተማሪን ጽሑፍ ከደብተር አውጥቶ መድረክ ላይ ባያወጣው ኖሮ ቀኑ አይኖርም ነበር።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድርም ተማሪዎች በንጉሡና በመኳንንቱ ፊት ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ድኻው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. ሲነበብ አዳራሹ የሰማው የአንድ ተማሪን ስንኝ ብቻ ሳይሆን የትውልዱን ጥያቄ ነበር። ግጥሞቹ እየመረሩ ሲሄዱ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ከጸጋዬ በቀር እነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር ያሳያሉ። እዚህ አገር ጽሑፍ በቁም ነገር የተነበበው ብዙ ጊዜ ሲያስፈራ ነው። ሳያስፈራ የሚነበብበትን ወግ ገና አልሠራንም።

ሦስት ትውልድ፣ ሦስት ፊደል

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ልዩ የሆነው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። በአንድ ቤት ውስጥ አያት፣ አባትና ልጅ እንዳሉ እናስብ። አያት ቁርአን ቤት ተምረዋል፤ የሚያውቁት ፊደል የዐረብኛው ነው። አባት የተማሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ኦሮምኛውንም በግእዝ ፊደል ነበርና አባት ያወቁት «ሀ ሁ»ን ነው። ልጅ ደግሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የኦሮምኛ መጻፊያ በሆነው ቁቤ ይጽፋል። ሦስቱም ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ ማታ አብረው ያወራሉ፤ ልጁ የጻፈውን ግን ሁለቱ ሊያነቡለት አይችሉም።

ይህ የቁቤ ነቀፋ አይደለም። ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ሲማር እንደሚበረታ አያከራክርም፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህንኑ መብት አድርጎታል። በዚያው በሐረርጌ ሼኽ በክሪ ሰጳሎ በ1940ዎቹ ማብቂያ ለኦሮምኛ የሚስማማ ፊደል ራሳቸው ቀርጸው ማስተማራቸው የጽሑፍ ጥማቱ የቆየ መሆኑን ይመሰክራል። ጉዳዩ የተለዋወጠው ፊደል በትውልዶች መካከል የተወው ክፍተት ነው። «ወላጅ የልጁን ደብተር ይከታተል» የሚለው የወላጅና መምህራን ስብሰባ ምክር እዚህ ቤት ሲደርስ ትርጉሙ ይጠፋል።

ከቤት ወደ ትምህርት ቤቱ ስንወጣ ደግሞ ልጁ አማርኛን በፊደል፣ እንግሊዝኛን በላቲን ይጽፋል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ድርሰቱ «ጀባዹ» (በርታ) የተባለ ጎበዝ ልጅ በእንግሊዝኛው ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኖ ይመለስለታል። ሐሳቡ አልደኸየም፤ የተበደረው ልብስ ጠበበው እንጂ። አራሚው ልብሱን ያያል። አንባቢ ቢኖር ሰውየውን ባየ ነበር።

ሰልፍ ላይ የሚነበብ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ

ጨርሶ አንባቢ የለም ማለትም ግፍ ነው። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በእረፍት ሰዓትም በድምፅ ማጉያው ግጥም፣ ዜና፣ ጭውውት፣ የጤና ምክር ይነበባል። የቋንቋ ክበቡ የግድግዳ መጽሔት ያዘጋጃል። በወላጆች በዓል ቀን ተማሪ ያቀርባል። ከአገራችን ጸሐፍትና ጋዜጠኞች ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ማይክ የጨበጡት እዚያ ነው።

ድክመቱስ? አንደኛ፣ መድረኩ የጥቂቶች ነው። ድምፁ የሚያምረውና አንደበቱ የተፈታው ይመረጣል፤ ከ60ው ተማሪ 55ቱ አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ርእሱ ከላይ ይወርዳል። የዓለም ኤድስ ቀን፣ የሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ የችግኝ ተከላ እያለ በዓላቱን ይከተላል። ሦስተኛ፣ መልስ የለውም። ልጁ ያነባል፣ ይጨበጨባል፣ ደወል ይደወላል። ጭብጨባ ደግ ነገር ነው፤ ግን ምኑ እንደተወደደለት አይነግረውም። የግድግዳ መጽሔቱም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ተንጠልጥሎ «ስላነበብከው አስተያየት ጻፍ» የሚል አይታይም።

ሌላ ዓይነት አንባቢም አለ፤ የውጭ አገሩ። በእርዳታ ድርጅቶች በኩል ለሚረዳቸው ሰው ደብዳቤ የሚጽፉ ልጆች በአገሪቱ ጥቂት አይደሉም። እዚህ አንባቢ በእርግጥ አለ፣ መልስም ይመጣል። ግን ልጁ ምን እንደሚጠበቅበት ቶሎ ይማራል፦ ማመስገን። ለሚረዳህ ሰው ሁሉን መጻፍ አይቻልም። እኩያ ለእኩያ ሲጻጻፍ ነገሩ ይለያል። ከጎንደር የተነሣው ሊንክ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት የኢትዮጵያና የብሪታንያ ትምህርት ቤቶችን ሲያገናኝ የተማሪዎች ደብዳቤ መለዋወጥ አንዱ ሥራው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን ከዚያ ቀረብ ያለ ጥያቄ አለኝ። የመሰላ ልጅ ለሚኤሶ ልጅ ቢጽፍስ? አንዱ ደጋ ነው፣ አንዱ ቆላ፤ አንዱ ስለ ቡና፣ አንዱ ስለ ግመልና ስለ ባቡር ሐዲድ ያወራል። ፖስታው ሩቅ አይሄድም፤ ከጭሮ መናኸሪያ የሚነሣ ሚኒባስ ይዞት ይሄዳል።

ምርምር ምን ይላል?

ስለ አስተያየት አሰጣጥ ብዙ ተጠንቷል። ሁለቱን ብቻ አነሣለሁ። የመጀመሪያው የሩት በትለር ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናቷ በእስራኤል የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆችን በሦስት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለአንዱ አስተያየት ብቻ፣ ለአንዱ ሁለቱም ተሰጠ። በሥራቸውም በፍላጎታቸውም የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ማርክና አስተያየት አብረው የተሰጣቸው እንደ ባለ ማርኮቹ ሆኑ። ምክንያቱ ለማንም ወላጅ እንግዳ አይደለም። ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ደረጃውን ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን እንጠይቃለን፤ የክፍል ኃላፊው የጻፈው አንድ መስመር ሳይነበብ ካርዱ ይታጠፋል።

ሁለተኛው የጆን ትረስኮት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፉ ተማሪዎችን ሰዋስው አንድ በአንድ ማረም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳልና ይቅር ብሎ ጻፈ። ዴና ፌሪስ በ1999 እ.ኤ.አ. ተቃወመችው፤ ተመርጦና በግልጽ የሚደረግ እርማት ይጠቅማል አለች። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እኔ ከፌሪስ ጋር እቆማለሁ፤ ስሕተትን ጨርሶ መተው ለመምህር ምቾት እንጂ ለልጅ ውለታ አይደለም። ሁለቱም ወገን የማይክደው ነገር ግን አለ፦ ገጹን ሁሉ በቀይ መሙላት ማንንም አላስተማረም። ልጁ ሃያ ስሕተት ሲያይ ሃያ ነገር አይማርም። መጻፍ የሱ እንዳልሆነ ይማራል።

ማተሚያ የገዛው መምህር

በሌላ አገር መንገድ ያገኙም አሉ። ፈረንሳዊው ሴሌስታን ፍሬኔ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ረጅም ሰዓት መናገር የማይችል የገጠር መምህር ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. በባር ሱር ሉ መንደር አነስተኛ ማተሚያ ገዝቶ ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ እንዲያትሙ አደረገ። ቀጥሎ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ በብሪታኒ ካለው የትሬገንክ ትምህርት ቤት ጋር የታተመውን ይለዋወጡ ጀመር። የባሕር ዳር ልጆች ስለ ዓሣ፣ የተራራ ልጆች ስለ ወይራና ስለ አበባ ጻፉ። ፊደል መሳት ያን ጊዜ ትርጉም አገኘ፤ ማዶ ያለው ልጅ እንዲገባው መጠንቀቅ ነበረባቸው። እርማቱ ከአንባቢው መጣ።

በዋርሶ ያኑሽ ኮርቻክ የተባለው ሐኪምና አሳዳጊ በ1926 እ.ኤ.አ. ልጆች የሚጽፉትን «ትንሹ ግምገማ» የተባለ ጋዜጣ ከአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ጋር በየሳምንቱ አርብ ማውጣት ጀመረ። ጋዜጣው እስከ ጦርነቱ መጀመሪያ ቀን፣ እስከ መስከረም 1, 1939 እ.ኤ.አ. ዘለቀ። በጣልያን ተራሮች መካከል ባለችው በባርቢያና ደግሞ ከትምህርት ቤት የተባረሩ የገበሬ ልጆች ከቄሱ ከሎሬንሶ ሚላኒ ጋር «ደብዳቤ ለአንዲት መምህርት» የተባለውን መጽሐፍ በጋራ ጻፉ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ታትሞ የአገሪቱን ትምህርት አንቀጠቀጠ። ሦስቱም ከአንድ ቦታ ነው የተነሡት፦ ልጅ የሚለው አለው፤ ሰሚ ካገኘ ይጽፈዋል።

«ወንድምሽ ለምን ሳቀ?»

አሁን ወደ ራሳችን ደብተር እንመለስ። እንበልና በመሰላ አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ማሽላ ስለመጠበቅ ጻፊ ተብላ እንዲህ ጻፈች፦ «ጠዋት ማማ ላይ ወጣሁ ወፍ መጣ በወንጭፍ ወረወርኩ ወንድሜ ሳቀ ወፉ ግን አልሄደም»። አንዱ መምህር ከሥሩ «ሥርዓተ ነጥብ ይጎድላል፤ 4/10» ብሎ ይጽፋል። እርማቱ ትክክል ነው። ልጅቱም ደብተሯን ትዘጋለች። ሌላው መምህር «ወንድምሽ ለምን ሳቀ?» ብሎ ይጽፋል። አራት ቃል የማትሞላ ጥያቄ ናት። ልጅቱ ግን ለመመለስ እንደገና መጻፍ አለባት። ድንጋዩ የት እንዳረፈ፣ ወንድሟ የት እንደቆመ፣ ወፉ ለምን እንደናቃት ትነግረናለች። ያኔ አራት ነጥብ ያስፈልጋታል፤ ለምን እንደሚያስፈልግም ይገባታል።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ልጅ የሚያውቀውን ሲጽፍ ቃል አይገደውም። የምዕራብ ሐረርጌ ልጅ ጫት ከሌሊት ለምን እንደሚቀነጠስ፣ እሳር ለምን እንደሚጠቀለልበት፣ ቡና የት ሲደርስ እንደሚለቀም፣ የገበያ ቀን መንገዱ እንዴት እንደሚጨናነቅ ያውቃል። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣው መምህር ይህን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ልጁ አስተማሪ፣ መምህሩ እውነተኛ አንባቢ ይሆናል።

ማንበብ ግን ኃላፊነት ያመጣል። ልጅ በእርግጥ ከጻፈ የሚከብድ ነገርም ይጽፋል። «እኅቴን ሊድሯት ነው፤ 14 ዓመቷ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣ አራሚው ፊደሉን ያስተካክል ይሆናል። አንባቢው ግን ብዕሩን አስቀምጦ ይነሣል። የጋብቻ ዕድሜ 18 መሆኑ በሕግ የተደነገገ ነው፤ ይህ ገጽ ለርእሰ መምህሩና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት የሚደርስ እንጂ ሰልፍ ላይ የሚነበብ አይደለም። ሌላው ጥንቃቄም ከዚሁ ይነሣል። የልጅ ጽሑፍ የልጁ ነው። ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ፣ በማይክ ከመነበቡ በፊት «ይነበብ?» ተብሎ ይጠየቅ። እምቢ ካለ እምቢ ነው። አንድ ጊዜ ምሥጢሩ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ እውነቱን አይጽፍም።

ምን ይደረግ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላቀርብም። የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። 60ውን ደብተር በየሳምንቱ ማንበብ አይቻልም፤ 10 ደብተር ግን ይቻላል። በ5 ደቂቃ ሒሳብ ለአንድ ክፍል 50 ደቂቃ፣ ለአራት ክፍል 3 ሰዓት ከ20 ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ በስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ በእርግጥ ይነበባል፤ በዓመት ስድስት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። የቀሩት ሳምንታት «ታይቷል» ይሁን። ስድስት ጊዜ የተነበበ ልጅ አንድም ጊዜ ካልተነበበው በብዙ ይርቃል።

ሁለተኛው የአስተያየቱ ይዘት ነው። አንድ የተወደደ ነገር በስሙ ይጠራ፤ «ጎበዝ» ብቻ ሳይሆን «ማማው ላይ የወጣሽበት ቦታ ደስ አሰኝቶኛል» ይባል። አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይጠየቅ፤ አንድ ስሕተት ብቻ ይመረጥና ይስተካከል። ማርኩ ያን ቀን ይቅር፤ ለምዘና ሌላ ቀን አለ።

ሦስተኛው ተማሪው ራሱ አንባቢ ይሁን። «ደብተር ተለዋወጡ» የምትለውን የታወቀች ትእዛዝ አንጣላት፤ ሥራዋን እንቀይር። ልጆቹ ራይትና ኤክስ ከማድረግ ይልቅ ለጓደኛቸው አንድ ጥያቄ ይጻፉ። መምህሩ ያጣውን 20 ሰዓት ክፍሉ ራሱ አለው።

አራተኛው ለጭሮው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና ለመምህራን ማሠልጠኛዎች የሚቀርብ ነው። መምህር ሲሠለጥን ፈተና እንዴት እንደሚወጣ ይማራል፤ የልጅ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብም ይማር። የቋንቋ ተማሪዎች ለልምምድ በየትምህርት ቤቱ ሲወጡ በየሳምንቱ የአሥር ልጆችን ጽሑፍ አንብበው ቢመልሱ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ነው።

የመጨረሻው ለእርስዎ ነው፣ ለወላጅ። ዛሬ ማታ ደብተሩን ያስመጡ። ፊደሉን የማያውቁት ከሆነ እንዲያውም ይሻላል፤ ልጁ ራሱ ያንብብልዎ። ሲጨርስ ስንት እንዳገኘ አይጠይቁት። ከሰሙት ውስጥ ያልገባዎትን አንድ ነገር ይጠይቁትና መልሱን ቁጭ ብለው ይስሙ።